ጫማዋን ያወለቀችው ሴት

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ከይቅርታ ጋር ይድረስሽ። ደጋግመሽ ጽፈሽ መልስ ስታጪ ምን ስትይኝ እንደሰነበትሽ እገምታለሁ፤ ያልሽኝ ሁሉ ይገባኛል። በፖስታ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። የፖስታ ቤቱ ሰዎች የሰው ደብዳቤ ከፍተው መልሰው ሲያሽጉ ሙጫው እንዳያስታውቅባቸው እንኳ አይጨነቁም። ስለዚህ የአክስታችን ልጅ የጭነት መኪናውን ይዞ ወደዚህ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ይኸው አሁን በር ላይ ቆሞ "ቶሎ በል" ይለኛል፤ እሱ ሲቸኩል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ ሥዕሉ ደህና ደርሷል። ከሱቃችን ግድግዳ አውርደው ሲወስዱት "የት ወስደው ይጥሉት ይሆን" ብለሽ ሰግተሽ ነበር። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። ሰውዬው፣ ያ ታላቁ መሪያችን፣ "በእጅ የተሳለ ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው" የሚለውን አዋጅ ካወጣ ወዲህ በጭነት መኪና ተጭኖ የማይመጣ የለም፤ የሙሽሮች ሥዕል፣ የሆቴል ግድግዳ ጌጥ፣ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ካርታ ሳይቀር። መጋዘኑ ድሮ የትምባሆ ፋብሪካ ነበረ፤ እስካሁን ይሸታል። እኔ ጥገና ክፍል ተቀምጬ የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ የቆሸሸውን አጸዳለሁ። አለቃችን ቀኑን ሙሉ "በጥንቃቄ! በጥንቃቄ!" ሲል ስለሚውል "አቶ በጥንቃቄ" ብለን ሰይመነዋል፤ ፍሬም የሚረግጠው ግን ራሱ ነው።

እማዬን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያገኘኋት በፈረስ ላይ ካለ ጄኔራልና ዳክዬ ከሞላበት ሐይቅ መካከል ነው። ያቺ ከፋብሪካ ገብታ እራት ሳትበላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣላት እማዬ፤ ጫማዋ ወለሉ ላይ፣ እግሯ አብጦ። ከላምባ ምድጃችን በላይ ስንት ዓመት ተሰቅላ ጥቀርሻ ፊቷን በልቶት ነበር። እንዲሁ አይቻት ላልፍ አልቻልኩም። ጥጥ አነሳሁና በምራቄ አርሼ ከግንባሯ ጀመርኩ። አትሳቂ፤ እኛ ዘንድ ከምራቅ የተሻለ ማጽጃ የለም። ከግንባሯ ወደ ዓይኗ፣ ከዓይኗ ወደ አንገቷ ስወርድ ውዬ ስጨርስ አለቀስኩ። አባባ እንዲህ መሳል እንደሚችል አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልኩን ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው!

ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አታንብቢለት። ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ መጋዘኑን ይጎበኛል። ሥዕሎቹን በመደዳ አቁመን እንጠብቀዋለን፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ያልፋል። የወደደው ፊት ይቆማል፤ የቆመበት ሥዕል ላይ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርበታል። ባለፈው ሐሙስ እማዬ ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥግ ላይ ያለውን ፊርማ አነበበና "በሕይወት አለ?" ብሎ ጠየቀ። ለጥሩ ይሁን ለመጥፎ ገና አልገባኝም። አቶ በጥንቃቄ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

ወንድምሽ

ጥቅምት 23 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ደብዳቤህን ሳነብ ደህንነቴ በረረ።

ምን ነክቶህ አጸዳኸው? ጥቀርሻውን እንደለበሰ ቢያልፍ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? አላርፍ ያለች ጣት... የቀረውን አንተው ሙላው። ተናድጄ ነው፣ ይቅር በለኝ። እኔም ያንን ጥቀርሻ ሳየው ስንቴ ጨርቅ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ያንን ሥዕል የሳለው አባባ አይደለም። እኔ ነኝ።

የሱቃችንን ደንብ ታውቃለህ። ማንም ይጻፈው ማንም ይሳለው፣ ከበር የሚወጣ ሥራ ሁሉ የአባባን ፊርማ ይዞ ነው የሚወጣው። "ደንበኛ የሚያውቀው አንድ እጅ ነው" ይላል። አንተ በልጅነትህ የሳልከው የጥርስ ሐኪሙ ታፔላ እስከ ዛሬ በእሱ ፊርማ አይደለም እንዴ ገበያው አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው? ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል መጥቶ ያንን መንጋጋ ሲያይ ሕመሙ ይለቀዋል። እኔም እማዬን ስዬ ስጨርስ አባባ አየው፣ ብሩሽ አንስቶ ፈረመበት። እንደወደደው የገባኝ በዚያ ነው።

ሌላም የደበቅሁህ ነገር አለ። አንተ ለትምህርት በሄድክ ማግስት ነው የአባባ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ ዛሬ ውኃ በብርጭቆ ስሰጠው ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል። "ለልጁ እንዳትነግሪው" ብሎ አስማለኝ። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ታፔላውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እሱ ብሩሹን በሁለት እጁ ጨምድዶ ፊርማውን ብቻ ያኖራል። ከተማው በሙሉ የእሱ ሥራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ለእኔ ንገረኝ። "በሕይወት አለ?" ብሎ መጠየቁ ለምንድን ነው? ሠዓሊዎቹን ምን ያደርጋቸዋል? ወደ እሱ ከሄዱትስ የተመለሰ አለ?

እህትህ

ኅዳር 4 ቀን

እህቴ፣

ከሄዱት የተመለሰ አለ ወይ ብለሻል። እኔ አላየሁም።

ሰውዬው አንድ ሥዕል ከወደደ ሠዓሊውንም ያስመጣል። ከመጋዘኑ ጀርባ ድሮ የነርሶች ትምህርት ቤት የነበረ ግቢ አለ፤ እዚያ ያኖራቸዋል። ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ከእኛ ይሻላል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። የሚስሉት ወደ ኤግዚቢሽን አዳራሹ ይወጣል፤ እነሱ አይወጡም፤ ደብዳቤም አይጽፉም። አንዱን "ባለፈረሱ" እንለዋለን፤ ከገባ ጀምሮ ፈረስ ብቻ ነው የሚስለው። ፍሬም ልጠግን ስገባ "ውጭ ፈረስ አሁንም አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በመጀመሪያ የመጣልኝ ሥዕሉን መሰወር ነበር። ጥብጣቡን ፈትቼ፣ ወደ መጋዘኑ ጥልቅ ወስጄ፣ ግድግዳ ከሚያክል የጦርነት ሥዕል ጀርባ ፊቷን አዙሬ አቆምኳት። እዚያ ውስጥ የገባ ነገር እኛም ፈልገን አናገኘውም። ሐሙስ ሰውዬው መጣ፤ ሩቡን እንኳ ሳይጎበኝ ቆመና "ጫማዋን ያወለቀችው ሴት የት አለች?" አለ። የሚኒስትሮቹን ስም የሚሳሳት ሰው ሥዕል አይረሳም። አቶ በጥንቃቄ ፊቱ ነጣ። ሄጄ በገዛ እጄ አወጣኋት። ሌላ ምን ላድርግ?

አሁን የምልሽን ስሚኝ። አንቺ መሆንሽን ለማንም እንዳትናገሪ፤ አባባም እንዳይክድ። አምና ያልሳለውን ሥዕል በስሙ ያስመዘገበ አንድ ሰው ተገኝቶ ነበር። ምን እንደደረሰበት አልጽፍልሽም። ሰዎቹ ከመጡ "ታሟል፣ አርጅቷል፣ መንገድ አይችልም" በያቸው። ከሆነልን በዚህ ይተውት ይሆናል።

ፈርቻለሁ። አንቺ እንደምትፈሪ ስለማውቅ ልደብቅሽ ነበር፤ አልቻልኩም።

ወንድምሽ

ኅዳር 20 ቀን
በፖስታ

ለተከበርከው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ በታላቁ መሪያችን ቸርነት እጅግ ደህና ነን። ስለ አባታችን ጤንነት ለጠየቅኸኝ፣ አባታችን የታላቁ መሪያችን ጥሪ እንደ ደረሰው ከደስታው ብዛት እጁ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሊወስዱት የመጡት የተከበሩ ኃላፊዎችም ይህን አይተው ልባቸው ተነካ። አንደኛው "እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም" ብሎ ማስታወሻ ያዘ።

ለአባታችን ጥቁር መኪና መጥቶለታል፤ አበባም ነበረው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አጨበጨበ፤ ያላጨበጨበ አልነበረም። እኔም ደስታዬን በቃላት ልገልጸው ስለማልችል እዚህ ላይ ላቁም። ታላቁ መሪያችን ይኑሩልን።

አክባሪ እህትህ

ኅዳር 28 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ያኛውን ደብዳቤ ስጽፍ አንዱ ኃላፊ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። "ታላቁ" የሚለውን አንድ ቦታ ረስቼው በጣቱ አሳየኝ። እንደገባህ አውቃለሁ፤ በፖስታ በላክኸው መልስ ላይ እንደኔ "እጅግ" እያበዛህ ስትጽፍ ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ሌላውን ደብዳቤህን የአክስታችን ልጅ ገና ዛሬ አመጣልኝ፤ መኪናው ተበላሽቶበት ነው የዘገየው።

"እንዴት ዝም ብለሽ ሰጠሻቸው" ብለሃል። እንዲህ ብለህ ባትጽፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዝም አላልኩም። ታሟል አልኳቸው፤ "ሐኪም እዚያ አለ" አሉኝ። መንገድ አይችልም አልኳቸው፤ "መኪናው ምቹ ነው" አሉኝ። ለሁሉም ነገር መልስ ይዘው ነው የመጡት፤ እርጉዝ ሴት የያዙ ይመስል እቅፍ አድርገው አወጡት።

ከዚያ በፊት ግን እኔና አባባ ተጣልተን ነበር። ፊቱን እየላጨሁት ነው፤ ምላጭ ለእጁ አይታመንም። "እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ውሰዱ እላለሁ" አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ አየኝና፣

"ፊርማው የማን ነው?" አለኝ።

"ያንተ።"

"እንግዲያው ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።"

"እዚያ ብሩሽ ሲሰጡህ ምን ልትሆን ነው?" አልኩት።

"እሱን እዚያ ስደርስ እጨነቅበታለሁ። አሁን ጢሜን ጨርሺ፤ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ እንዳልሄድ።"

ጨረስኩለት። ኮቱን ቆለፍኩለት፤ ቁልፎቹ ለእሱ እንቢ ስለሚሉት ከላይ እስከ ታች እኔ ቆለፍኩለት። ማታ ማን ይፈታለታል? እስካሁን የማስበው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋብኝ ይሄ ነገር ብቻ ከራሴ አልወጣ ብሎኛል። ካየኸው ስለ ቁልፎቹ ጠይቅልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 10 ቀን

እህቴ፣

አባባን አየሁት። ስለ ቁልፎቹ፣ ባለፈረሱ ነው የሚፈታለት። አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። "ጥሩ ሰው ነው፤ ፈረሱ ግን ሲስቅ እንጂ ሲሮጥ አይመስልም" ብሎ አምቶልኛል። ከስቷል፣ ግን ምላሱ ደህና ነው።

እኔ እንደማላውቀው ሆኜ ነው የምገባው፤ ልጁ መሆኔን አላወቁም። ሸራ አስገባለሁ፣ ፍሬም አስተካክላለሁ፣ ጠባቂው ዞር ሲል ሁለት ቃል እንለዋወጣለን። ምን እያደረገ ነው ላልሽው፣ ምንም። እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ባዶ ሸራ እያየ ይውላል። ሠዓሊዎቹን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ "እያሰበ ነው" ይባባሉና በእግራቸው ጣት ተራምደው ይመለሳሉ። ሌሎቹ ሠዓሊዎች ሳያስቡ ነው የሚስሉት ብለው ሊገሥጿቸው ሁሉ ምንም አልቀራቸውም። አባባ "ሥራ አለመሥራት እንዲህ እንደሚያስከብር ባውቅ ሱቁን ድሮ እዘጋ ነበር" አለኝ።

ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆኗል። ጥር መጨረሻ ላይ ታላቁ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ሰውዬው ከአባባ አዲስ ሥዕል አዟል። የገዛ እናቱን፣ ልክ እንደ እማዬ፣ ደክሟት ወንበር ላይ ተኝታ፣ ጫማዋን አውልቃ እንዲስልለት ይፈልጋል። እናቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ፎቶ ልከዋል፤ ከደብዳቤው ጋር አለልሽ። ለመክፈቻው ካልደረሰ ኮሚቴው ማሰቡን ትቶ መጠየቅ ይጀምራል። ያኔ እጁን ከኮቱ ውስጥ ያስወጡታል።

የምልሽን ገምተሻል። ልልሽ አፍሬ ሳወጣ ሳወርድ ነው የሰነበትኩት፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አንቺ ሳዪው፤ እኔ አስገባዋለሁ። ወደዚያ ግቢ የሚገባ ነገር አይፈተሽም፤ የሚፈተሸው የሚወጣው ነው። ቀለሙን ስስ አድርጊው፤ ሳይደርቅ እንዳይጠቀለል። የፊርማውን ቦታ ባዶ ተይለት፤ እሱን አባባ ይችላል።

ወንድምሽ

ጥር 2 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ሥዕሉ ይኸው ከዚህ ጋር ተጠቅልሎ ደርሶሃል፤ የአክስታችን ልጅ ከጆንያዎቹ መካከል አድርጎታል። አንተ እንደማትጠይቀኝ ስለማውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፣ እንዴት እንደሳልኩት አላውቅም።

የላክኸው ፎቶ አልረዳኝም። ሴትዮዋ ደረቷ ላይ ሜዳይ ደርድራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ተኝታ የማታውቅ ነው የምትመስለው። ጫማዋን ማውለቅ ቀርቶ ክሯን የፈታች አትመስልም። ፎቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩትና የራሳችንን እናት ማሰብ ጀመርኩ። ፊቱ የእሱ እናት ነው፤ ድካሙ የእኛዋ ነው።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። ጥሩ አድርጌ ከሳልኩት ይወደዋል፤ ከወደደው አባባን መቼም አይለቀውም። አበላሽቼ ከሳልኩት ደግሞ አባባን አጭበርባሪ ይሉታል፤ አጭበርባሪ ሲባል ምን እንደሚደረግ አንተ ልትጽፍልኝ እንኳ አልቻልክም። ምን ያህል ጥሩ ልሳል ታዲያ? የት ላይ ላቁም? ብሩሽ ይዤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። አንድ ቀን ቆርጬ ተነሣሁና አንገቷን ሆን ብዬ አጣመምኩት፤ መካከለኛ ሥራ እንዲሆን፣ አይቶት ዝም ብሎ እንዲያልፍ፣ "ሽማግሌው ደክሟል፣ ወደ ቤቱ ይሂድ" እንዲል። በማግስቱ ሳየው የደከመች ሴት አንገቷ ተጣሞ ተኝታለች። ማንም ትሁን፣ አሳዘነችኝ። አቀናሁት። ካቀናሁት በኋላ ትከሻዋ አልገጠመም፤ ትከሻዋን አስተካከልኩ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።

አንተ ለምን እንዳጸዳኸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከእንግዲህ በዚህ አልወቅስህም።

በጣም ጥሩ ሆኗል፣ ወንድም ጋሼ። ይሄው ነው የሚያስፈራኝ።

እህትህ

ጥር 25 ቀን

እህቴ፣

ሰላምታውን እለፊው፤ የአክስታችን ልጅ ይህን ሲያመጣልሽ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅሽ ብዬዋለሁ።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ያንቺ ሥዕል መካከለኛው አዳራሽ ላይ ብቻውን ተሰቀለ። ሰውዬው ገባ፣ ቆመ፣ አለቀሰ። ካሜራው እያነሣው፣ ሚኒስትሮቹ ከኋላው ቆመው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ እነሱም ማልቀስ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ሲተያዩ ነበር። አቶ በጥንቃቄ ግን ቀድሞ ጀመረ። እኔ ምሰሶ ተደግፌ እማዬ ድካሟን ለሌላ ሰው ስታበድር አየሁ። ኮራሁብሽ።

ከዚያ ሰውዬው አባባን ወደ ፊት አስጠራው። "የምትፈልገውን ንገረኝ፤ ምን ላድርግልህ?" አለው። አባባ አስቦበት እንደነበረ አውቃለሁ፤ ደህና አድርጎ፣ ማንንም በማያስቀይም ቃል ነው የተናገረው። "ጌታዬ፣ ቤቴ ናፈቀኝ" አለ።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። እጁን አባባ ትከሻ ላይ ጣለ። ወደ አቶ በጥንቃቄ ዞረና "ቤቱን አምጡለት" አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ማታውኑ ትእዛዙ ወጣ። ቤታችንም የሆነውን ሱቃችንን ነቅለው ሊያመጡት ነው፤ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ምድጃውን፣ እማዬ የተኛችበትን ወንበር፣ የቀለም ቆርቆሮውን፣ እስከ ሚስማሩ። መካከለኛው አዳራሽ ውስጥ መልሰው ይተክሉታል፤ ዙሪያውን ገመድ ይሆናል፤ ሕዝቡ ታላቁ ሥዕል የተሳለበትን ቤት ያያል፤ አባባ ውስጡ ይቀመጣል። ኮሚቴው "ቤቱ ውስጥ ምን አለ?" ሲል ጠየቀ። አንዱ "አንዲት ሴት ልጁ አለች፤ የምትጠርግ" አለ። ሰውዬው "እንዳለ ይምጣ" አለ። እንዳለ ማለት አንቺንም ማለት ነው።

በሳምንት ውስጥ እዚያ ናቸው። አሁኑኑ መኪናው ላይ ውጪ። የአክስታችን ልጅ ድንበሩን የሚያሻግርሽ መንገድ ያውቃል። አባባም "አትምጣ በላት" ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ ደገመው።

አንድ ነገር ባልነግርሽ ይሻል ነበር፤ ብደብቅሽ ግን ኋላ ይቅር አትይኝም። ሰውዬው ሌላ ሥዕል አዟል፤ ራሱ ሕፃን ሆኖ እናቱ ጭን ላይ። የሚፈልገው እስከ ሚያዝያ ነው። አባባ "እሱን ለእኔ ተወው፤ አስባለሁ" ይላል። እህቴ፣ ይህን አይተሽ ሐሳብሽን እንዳትቀይሪ። እለምንሻለሁ፣ ሂጂ።

ወንድምሽ

የካቲት 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

የአክስታችን ልጅ ከጓሮ ሞተሩን አስነሥቶ ጠብቆኛል፤ ጡሩምባውን እየነፋም ለምኖኛል። በእኔ ፋንታ ይህችን ደብዳቤ ነው የሚጭነው። አትቆጣው፤ የእሱ ጥፋት አይደለም። እኔን ለመጎተት ወርዶ ክንዴን ሁሉ ይዞኝ ነበር፤ አልነቃነቅ ስለው አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስም አዝግሞ ነው።

እኔ ድንበር ተሻግሬ ከሄድኩ ሥዕሉ ሳይኖር ሚያዝያ ይደርሳል። ሚያዝያ ሲደርስ የአባባን እጅ ከኮቱ ያወጡታል። ሌላ ምንም ማሰብ አላስፈለገኝም። አትምጣ ማለቱን አምናለሁ፤ እሱ መቼ የሚፈልገውን ተናግሮ ያውቃል? አንዴ ቢናገር ቤቱን ነቀሉበት። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ሳልፈራ ከምኖር እዚያ ፈርቼ አጠገቡ ብሆን ይሻለኛል፤ ገመዱ ውስጥም ቢሆን ሕዝቡ ሲወጣ የሚስልለትና ቁልፎቹን የሚፈታለት ሰው ያገኛል።

ጎረቤቶች መጥተው ተሰናበቱኝ። ልብስ ሰፊዋ "ወደ ደስታ ነው ወደ ለቅሶ የምትሄጂው? የቱን ልልበስ?" አለችኝ። ሁለቱንም አዘጋጂ አልኳት። ተሳሳቅንና ተቃቅፈን ቆየን።

ሰዎቹ ከጠዋት ጀምሮ እየነቀሉ ነው። በጣም ይጠነቀቃሉ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ጣውላውን አንድ በአንድ አውርደው፣ ሚስማሩን በወረቀት ጠቅልለው፣ እዚያ ሲደርስ እንዳይሳሳቱ በየዕቃው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋሉ። ቁጥር የሚጽፈው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሥራውን ያውቃል። በሩ ላይ ጻፈ። ወንበሩ ላይ ጻፈ። ምድጃው ላይ ጻፈ። ጨርሶ ዞር ሲል ቤቱ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። አየኝ፤ ጫማውን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህቴ፣ ትእዛዙ 'ቤቱ እንዳለ' ነው የሚለው" አለኝ።

"እኔ በእግሬ ነው የምሄደው። ዕቃ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ። እዚያ ስንደርስ ግን ቁጥር የሌለው ነገር አያስገቡም።" ፊቱ ቀልቷል። "ልብስሽ ላይ ይሁን? እንዳይነካሽ አድርጌ..."

ክንዴን ዘረጋሁለት። የኮቴ እጅጌ ላይ ቀስ አድርጎ ጻፈ። ሲጨርስ "ይቅርታ" አለኝ፤ እኔም "ምንም አይደል" አልኩት፤ ምን እላለሁ?

አሁን ጣውላዎቹ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ቁጥሩን ላራግፈው እችላለሁ፤ ግን ቢጠፋ መልሶ መጻፍ እንዳለበት ነግሮኛል፣ እሱንም ማስጨነቅ አልፈለግሁም። አባባን ከእኔ ቀድመህ ካገኘኸው ስለ እጅጌዬ አትንገረው። እየመጣች ነው ብቻ በለው።

እህትህ